ጎን ለጎን የስቴሪዮ ፎቶና ቪዲዮ፦ እንዴት ይሠራል፣ እንዴት ይታያል?

አንድ ጣታችሁን ከፊታችሁ አቁሙ። መጀመሪያ በግራ ዓይን ብቻ፣ ቀጥሎ በቀኝ ዓይን ብቻ እዩት። ጣቱ ከኋላው ባለው ግድግዳ ላይ ወዲያና ወዲህ የዘለለ ይመስላል። ሁለቱ ዓይኖቻችን በአማካይ 63 ሚሊሜትር ያህል ስለሚራራቁ አንዱ የሚያየውን ሌላው ትንሽ ለየት አድርጎ ያየዋል። አንጎል ከዚህች ልዩነት ተነስቶ የትኛው ቅርብ፣ የትኛው ሩቅ እንደሆነ ያሰላል። የስቴሪዮ ፎቶ ሥራ በሙሉ ይህችን ልዩነት በሁለት ፎቶ ይዞ፣ የግራውን ለግራ ዓይን፣ የቀኙን ለቀኝ ዓይን ማድረስ ነው።

ዘዴው ከፎቶግራፍም ይቀድማል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን ሁለት መስታወት ያለውን ማያውን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1838 ነው። ፎቶግራፍ ለሕዝብ ይፋ የሆነው ደግሞ በዓመቱ፣ በ1839። ስለዚህ የዊትስቶን የመጀመሪያ ጥንዶች በእጅ የተሣሉ መስመሮች ነበሩ። እኛም የምንጀምረው በእርሳስና በወረቀት ነው።

አንደኛ፦ ከማንሳት በፊት ማየት

ብዙ ሰው ካሜራውን ይዞ ይሮጣል፤ ማየቱን ለኋላ ይተወዋል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ጥንዱን ያለ ምንም መሣሪያ፣ በባዶ ዓይን ማየት የቻለ ሰው ያነሳው ፎቶ መሥራት አለመሥራቱን እዚያው ቦታው ላይ ያውቃል። ያልቻለ ሰው ግን ቤቱ ገብቶ ኮምፒውተር እስኪከፍት ድረስ በጭፍን ነው የሚሠራው።

ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሁለት ካሬዎች ሣሉ። የእያንዳንዱ ጎን 5 ሴንቲሜትር፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት 1 ሴንቲሜትር ይሁን። በግራው ካሬ ውስጥ ከመሐል 2 ሚሊሜትር ወደ ቀኝ ፈቀቅ ያለ ወፈር ያለ ነጥብ አድርጉ። በቀኙ ካሬ ውስጥ ደግሞ ከመሐል 2 ሚሊሜትር ወደ ግራ። መለማመጃችሁ ይኸው ነው።

በባዶ ዓይን ማየት ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ዓይንን ሸውረር አድርጎ ማየት ነው። ወረቀቱን 40 ሴንቲሜትር ያህል አርቃችሁ ያዙ። ጣታችሁን በዓይናችሁና በወረቀቱ መሐል፣ ግማሽ መንገድ ላይ አቁሙና የጣቱን ጫፍ ብቻ እዩ። ከጣቱ ኋላ ያሉት ሁለት ካሬዎች አራት ይሆናሉ። ጣቱን ቀስ እያላችሁ ወደ ፊት ወደ ኋላ አንቀሳቅሱት። አንድ ቦታ ላይ አራቱ ሦስት ይሆናሉ። የመሐለኛው ነው ጥልቀት ያለው። ዓይናችሁን ሳታላቅቁ ልባችሁን ብቻ ወደዚያ መሐለኛ ካሬ ውሰዱ፤ ጣታችሁንም ዝቅ አድርጉ። መጀመሪያ ብዥ ይላል። ታገሡት፣ ይጠራል። እዚህ ላይ አትታገሉ፤ ዓይንን ማስገደድ ራስ ምታት እንጂ ጥልቀት አያመጣም።

ሁለተኛው ትይዩ እይታ ነው። ወረቀቱን አፍንጫችሁ ሥር አስጠጉት። በወረቀቱ ውስጥ አልፋችሁ ሩቅ ነገር እንደምታዩ ዓይናችሁን ልቀቁት። ሁሉም ብዥ ይበል። ከዚያ ዓይኑን ሳትቀይሩ ወረቀቱን በዝግታ ወደ 30 ወይም 40 ሴንቲሜትር አርቁት። እዚህም ሦስት ካሬዎች ይታያሉ፤ የምትፈልጉት መሐለኛው ነው።

አሁን ነጥቡን እዩ። በትይዩ እይታ ነጥቡ ከካሬው ፊት ተንሳፎ ይቆማል። ሸውረር ብላችሁ ካያችሁት ደግሞ ከካሬው ኋላ ይገባል። ምክንያቱም ስትሸወርሩ ግራ ዓይን የሚያየው የቀኙን ሥዕል ነው። ስለዚህ ለሸውራራ እይታ የሚዘጋጅ ጥንድ የቀኙን ፎቶ በግራ በኩል፣ የግራውን በቀኝ በኩል ያደርጋል። ለትይዩ እይታ ግን ግራው በግራ፣ ቀኙ በቀኝ። ጀማሪን ከምንም በላይ የሚያምታታው ይህ ነው። ቦታቸው የተለዋወጠ ጥንድ ስታዩ ሰማዩ ከዛፉ ፊት ይመጣል፣ የሰው አፍንጫ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

የትኛውን ልልመድ ለሚል መልሴ በስክሪናችሁ ይወሰናል የሚል ነው። ዓይናችን ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይከፈትም። ስለዚህ በትይዩ እይታ የሁለቱ ፎቶዎች መሐል ለመሐል ርቀት ከ6 ሴንቲሜትር ብዙ መብለጥ የለበትም። ስልክን አግድም ስትይዙ ይህ ርቀት ብዙ ጊዜ ከ7 ሴንቲሜትር ያልፋል። ፎቶውን ትንሽ አሳንሱት፤ ወይም ስልኩን በቁሙ ይዛችሁ እዩት። ሸውራራ እይታ ይህ ገደብ የለበትም፤ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ በትልቁ ማየት ይቻላል። ከበዳችሁ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ሲርቅ መሸወረሩ ይቀንሳል።

በባዶ ዓይን አልሆን ካለ ሁለት ሌንስ ያለው ርካሽ የካርቶን ማያ ይበቃል። ጉግል እንዲህ ያለውን ካርቶን እ.ኤ.አ. በ2014 ካወጣ ወዲህ በብዙ አምራች ተሠርቷል። ስልኩ ከፊት ይገባል፣ ዓይን በሌንሱ በኩል ያያል። ለዚህም፣ ለቪአር (ምናባዊ ዓለም ማሳያ) መነጽርም የሚሆነው የትይዩ አደራደር ነው። አንድ ዓይናቸው የደከመ ወይም ሁለቱ ዓይኖቻቸው በአንድነት የማይሠሩ ሰዎች ግን በየትኛውም መንገድ ጥልቀቱ ላይታያቸው ይችላል። እነሱን በግድ እዩ ማለት ትርፉ ማድከም ነው።

ሁለተኛ፦ ማንሳት

በአንድ ስልክ ይቻላል። የሚነሳው ነገር ግን የማይንቀሳቀስ መሆን አለበት። ሁለቱ ፎቶዎች የሚነሱት በተለያየ ቅጽበት ነውና ነፋስ የሚያወዛውዘው ቅጠል፣ ማዕበል፣ አላፊ አግዳሚ ሁሉ ያበላሻል። ቅርብ፣ መካከለኛና ሩቅ ነገር በአንድ ላይ ያለበት ቦታ ፈልጉ። ጠፍጣፋ ግድግዳ በስቴሪዮም ያው ጠፍጣፋ ግድግዳ ነው።

መጀመሪያ ስልኩን አዘጋጁ። በስክሪኑ ላይ የመስመር መረቡን አብሩ። የሚነሳውን ነገር በጣት ተጭናችሁ በመቆየት ፎከሱንና የብርሃኑን መጠን ቆልፉ። ፍላሽ አጥፉ፤ ጥላው በሁለቱ ፎቶ ይለያያል። ከበስተጀርባ በሰው ሠራሽ መንገድ የሚያደበዝዘውን የፖርትሬት ሁኔታም አጥፉ፤ ሁለቱን ፎቶ እኩል አያደበዝዝምና።

ከዚያ እግራችሁን ከፈት አድርጋችሁ ቁሙ። ክብደታችሁን በግራ እግር ላይ ጥላችሁ አንዱን አንሱ። ወደ ቀኝ እግር ዘንበል ብላችሁ ሁለተኛውን አንሱ። የቻ ቻ ዳንስ ውዝዋዜ ስለሚመስል ነው መሰለኝ፣ ፎቶ አንሺዎች ይህን ቻ ቻ ይሉታል። እጃችሁ ብቻ ሳይሆን መላ አካላችሁ ነው የሚሄደው። ሁልጊዜ ከግራ ጀምሩ፤ ኋላ የትኛው የማን ነው ብላችሁ አትቸገሩም። ከእያንዳንዱ ጥንድ በኋላ መዳፋችሁን አንድ ጊዜ ፎቶ አንሱት። ብዙ ፎቶ ሲከማች ጥንዶቹን የሚለይላችሁ ያ መዳፍ ነው።

ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ ከፍታው አይቀየር። በመረቡ ላይ አንድ መስመር መርጣችሁ የሆነ ነገር፣ ለምሳሌ የመስኮት ጠርዝ፣ በሁለቱም ፎቶ እዚያው መስመር ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። ሁለተኛ፣ ስልኩን አታዙሩት። ስትንቀሳቀሱ የሚነሳውን ነገር መሐል ላይ ለማቆየት ስልኩን ወደ እሱ ማዞር ያምራችኋል። አይሆንም። ስልኩ በሁለቱም ቦታ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ቀጥ ብሎ ይመልከት። ከዞረ የአንዱ ፎቶ ግራ ጠርዝ፣ የሌላው ደግሞ ቀኝ ጠርዝ ይረዝማል። ያኔ አንድ ዓይን ከሌላው ከፍ ብሎ እንዲያይ ይገደዳል። ዓይን ግራና ቀኝ ያለውን ልዩነት በደስታ ይቀበላል፣ የላይና ታች ልዩነትን ግን በፍጹም አይወድም።

ምን ያህል ልራቅ?

የሥራው ልብ እዚህ ነው። በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ያለው ርቀት ነው ጥልቀቱን የሚወስነው፤ ኋላ በኮምፒውተር የሚጨመር ጥልቀት የለም።

የተለመደው መነሻ 1/30 ነው። በፎቶው ውስጥ በጣም ቅርብ የሆነው ነገር ያለበትን ርቀት ለ30 አካፍሉ። 2 ሜትር ላይ ከሆነ 6 ተኩል ሴንቲሜትር ያህል፤ የዓይናችንን ርቀት መሆኑ ነው። 60 ሴንቲሜትር ላይ ላለ ዕቃ 2 ሴንቲሜትር። 15 ሴንቲሜትር ላይ ላለ አበባ 5 ሚሊሜትር ብቻ። 30 ሜትር ርቆ ለሚጀምር ሕንፃ 1 ሜትር። ከኮረብታ ላይ 300 ሜትር ርቆ ለሚጀምር ሸለቆ 10 ሜትር፤ ይህኛው ዘንበል በማለት አይደለም፣ በእግር ሄዶ ነው።

ልብ በሉ፣ የሚለካው የዋናው ባለታሪክ ርቀት አይደለም። የቅርቡ ነገር ነው። ሩቅ ያለ ተራራ ልታነሱ 10 ሜትር ስትራመዱ ከፊት የቀረች አንዲት ቅርንጫፍ ሁሉን ነገር ታበላሻለች። ቅርንጫፏ በሁለቱ ፎቶ እጅግ ስለምትራራቅ ዓይን አንድ ሊያደርጋት አይችልም። ወይ ቅርንጫፏን ከፎቶው አውጡ፣ ወይ እርምጃውን አሳጥሩ።

ቁጥሩ ሕግ አይደለም። ከዕቃው ኋላ ወዲያው ግድግዳ ካለ ሰፋ ማድረግ ይቻላል፤ ሩቁ ሩቅ አይደለምና። በዙም ሁለት እጥፍ ካቀረባችሁ ግን ርቀቱን በግማሽ ቀንሱ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ በሦስት የተለያየ ርቀት አንሱና ኋላ ምረጡ። ለዓይን ከሚከብድ ጥልቀት ለስለስ ያለው ይሻላል ባይ ነኝ። ጀማሪ ሁሉ ጥልቀቱ እንዲጮህ ይፈልጋል፤ ተመልካቹ ግን ሦስተኛው ፎቶ ላይ ዓይኑን ያሻል።

ሰፊ ርቀት ሌላም መዘዝ አለው። በ10 ሜትር ልዩነት የተነሳ ሸለቆ ሲታይ ጠረጴዛ ላይ የተሠራ ሞዴል ይመስላል። አንጎል ዓይኖቹ 63 ሚሊሜትር እንደሚራራቁ ስለሚያውቅ፣ ይህን ያህል ልዩነት ካየ ነገሩ ትንሽና ቅርብ ነው ብሎ ይደመድማል። አንዳንዱ ይህን ይጠላዋል። እኔ እወደዋለሁ፤ ከርቀት በዓይን የማይለዩ ሸንተረሮች ተለይተው ይታያሉ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዋረን ደ ላ ሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጨረቃን እንኳ በስቴሪዮ አሳይቷል። ጨረቃ ወደ እኛ የምታዞረው ፊት ከጊዜ ወደ ጊዜ ትንሽ ዘወር ዘወር ይላል። በተለያየ ጊዜ የተነሱ ሁለት ፎቶዎች ሲጣመሩ ጨረቃ ድብልብል ሆና ትወጣለች።

ለጥቃቅን ነገሮች እጅ አይታመንም። ጠረጴዛ ላይ ማስመሪያ አስቀምጡና ስልኩን በጠርዙ ላይ አንሸራትቱት።

ሰው ወይም እንስሳ ለማንሳት ሁለት ተመሳሳይ ስልኮች ያስፈልጋሉ። በአንድ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ጎን ለጎን አቁማችሁ እሰሩና ሁለቱን በአንድ ጊዜ ተጫኑ። በቁም ከቆሙ ሌንሶቹ ከ7 እስከ 8 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚራራቁ ሰውየው ከ2 ሜትር ተኩል ወዲህ አይጠጋ።

ሦስተኛ፦ ማጣመር

ዊንዶውስ ላለው ሰው ስቴሪዮ ፎቶ ሜከር የተባለ የጃፓኑ የማሱጂ ሱቶ ነፃ ፕሮግራም አለ። የግራውንና የቀኙን ትከፍታላችሁ፣ ራሱ እንዲያስተካክል ታዝዙታላችሁ። ማዘንበሉን፣ የከፍታ ልዩነቱንና የመጠን ልዩነቱን ያቀናል። ለአብዛኛው ፎቶ ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

በሌላ የፎቶ ማስተካከያ በእጅ ለመሥራት ሁለቱን ፎቶ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቡ። የላይኛውን በግማሽ አሳልፎ የሚያሳይ አድርጉት። አሁን ሁለቱም በአንድ ላይ ይታያሉ። የላይኛውን አዙሩ፣ ከፍና ዝቅ አድርጉ። ግባችሁ በሁሉም ቦታ የላይና ታች ልዩነት እንዳይኖር ነው፤ በግራም ጠርዝ፣ በቀኝም ጠርዝ። ከዚያ ወደ ጎን ግፉትና በጣም ቅርብ የሆነው ነገር ልክ እንዲገጥም አድርጉ። ትርፍ ጠርዙን ከሁለቱም እኩል ከርክሙ። በመጨረሻም ስፋቱ እጥፍ በሆነ ገጽ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው።

ቅርቡን ነገር የምናገጥመው ለምንድን ነው? የፎቶው ጠርዝ እንደ መስኮት ስለሆነ ነው። የገጠመው ነገር በመስኮቱ ልክ ይቆማል፤ ሌላው ሁሉ ከመስኮቱ ኋላ ይሆናል፤ ለዓይንም ይመቻል። አንድ ነገር ከመስኮቱ ፊት ወጥቶ ሳለ የግራው ወይም የቀኙ ጠርዝ ከቆረጠው ግን ይጋጫል። ከፊት ያለን ነገር ከኋላ ያለ ጠርዝ ሊቆርጠው አይችልማ። አንጎል ይህን አይቀበልም፤ ጠርዙ ላይ ይርገበገባል። ጠርዝ ሳይነካ መሐል ላይ የቆመ ነገር ግን ወደ ተመልካቹ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። በመጠኑ ሲሆን ያምራል።

ከገጠመ በኋላ በጣም ሩቅ የሆነው ነገር በሁለቱ ፎቶ ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚለያይ ለኩ። የአንዱ ፎቶ ስፋት 1500 ፒክስል ከሆነ የሩቁ ነገር ልዩነት ከ50 ፒክስል ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ይኸው 1/30 ተመልሶ መጣ። በትልቅ ስክሪን ላይ በስሪዲ መነጽር የሚታይ ከሆነ ሌላም ገደብ ይጨመራል። የሩቁ ልዩነት በስክሪኑ ላይ ሲለካ ከ6 ሴንቲሜትር ማለፍ የለበትም። 120 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ስክሪን ላይ 1/30 ማለት 4 ሴንቲሜትር ስለሆነ ችግር የለውም። 10 ሜትር በሆነ የሲኒማ ስክሪን ላይ ግን 33 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ያን የሚያይ ዓይን የለም።

አራተኛ፦ ቪዲዮ

በሁለት ካሜራ ሲቀረጽ ሁሉም ነገር እኩል ይሁን፤ የምስል መጠኑ፣ በሰከንድ የፍሬም (የነጠላ ምስል) ብዛቱ፣ የብርሃን መጠኑ፣ የቀለም ሚዛኑ። መንቀጥቀጥ የሚያስቀረውን ማረጋጊያ ከሁለቱም አጥፉ። እያንዳንዱ ካሜራ በራሱ ስሌት ስለሚያረጋጋ ሁለቱ ምስሎች ለየብቻቸው ይዋኛሉ። ይልቅ በትራይፖድ ላይ አቁሟቸው።

ቀረጻው ሲጀመር ከካሜራዎቹ ፊት አንድ ጊዜ ጮክ አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ሲቀናበር እጆቹ የተጋጩበትን ፍሬም በሁለቱም ላይ ፈልጋችሁ ታገጥማላችሁ። ከዚያም በኋላ ትንሽ ልዩነት ይቀራል። በሰከንድ 30 ፍሬም ሲሆን ልዩነቱ እስከ ግማሽ ፍሬም፣ ማለትም እስከ 1/60 ሰከንድ ሊደርስ ይችላል። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በሰከንድ 1 ሜትር ተኩል እየተራመደ በፊታችሁ የሚያቋርጥ ሰው በዚያች ቅጽበት 2 ተኩል ሴንቲሜትር ይሄዳል። ይህ ከዓይኖቻችን ርቀት ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው። ሰውየው ካለበት ቦታ ቀርቦ ወይም ርቆ ይታያል። መድኃኒቱ በሰከንድ 60 ፍሬም መቅረጽ ነው፤ ስህተቱ በግማሽ ይቀንሳል። ደግሞም ከግራ ወደ ቀኝ ከሚሮጥ ነገር ይልቅ ወደ ካሜራው የሚመጣ ነገር ምረጡ።

በአንድ ካሜራም የሚሠራ አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚጥመው ይህ ነው። ካሜራው ቀጥ ብሎ ወደ ጎን እየሄደ የማይንቀሳቀስ ነገር ይቅረጽ። ከዚያ ያንኑ ቪዲዮ ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን አድርጉና አንዱን በጥቂት ፍሬም አዘግዩት። ካሜራው በተለያየ ጊዜ የነበረባቸው ሁለት ቦታዎች ሁለት ዓይን ይሆናሉ። በሰከንድ 1 ሜትር እየተራመዳችሁ በ30 ፍሬም ከቀረጻችሁ በየፍሬሙ 3.3 ሴንቲሜትር ትሄዳላችሁ። ሁለት ፍሬም ማዘግየት 6.6 ሴንቲሜትር ነው። በሰዓት 60 ኪሎሜትር ከሚሄድ ባቡር መስኮት ከሆነ አንዷ ፍሬም ብቻ 56 ሴንቲሜትር ያህል ትሰጣለች፤ ስለዚህ ከ17 ሜትር ወዲህ ምንም ነገር ባይኖር ይመረጣል። የሐዲዱ ዳር ምሰሶ ሲያልፍ ዓይን ይወጋል። ወደ ቀኝ እየሄዳችሁ ከሆነ የቀደመው ፍሬም የግራ ዓይን ነው። ወደ ግራ ከሆነ ተቃራኒው።

ለዚሁ የተሠሩ ካሜራዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የፉጂፊልም ደብልዩ 3 ሁለት ሌንሶቹ በ75 ሚሊሜትር ይራራቃሉ፤ አሁን ያገለገለ ብቻ ነው የሚገኘው። ከአይፎን 15 ፕሮ ጀምሮ ደግሞ አንዳንድ አይፎኖች የስቴሪዮ ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ሌንሶቻቸው በጣም የተቀራረቡ ስለሆኑ ለቅርብ ነገር ጥሩ ናቸው፣ ለሩቅ ግን ጥልቀታቸው የሳሳ ነው። የሚሰጡት ፋይል ጎን ለጎን ስላልሆነ በመቀየሪያ አፕ መቀየር ያስፈልጋል።

ስታቀናብሩ ሁለት ዓይነት አቀማመጥ ያጋጥማችኋል። ሙሉው ለእያንዳንዱ ዓይን 1920 በ1080 ይሰጣል፤ ጠቅላላው 3840 በ1080 ይሆናል። ግማሹ ደግሞ ሁለቱንም በ1920 በ1080 ውስጥ ያጭቃል፤ እያንዳንዱ ምስል ወደ 960 ስፋት ይጠብባል። የቪአር ማጫወቻ የትኛው እንደሆነ ካልተነገረው ይሳሳታል። ሰዎቹ ቀጥነው ከታዩ ግማሹን እንደ ሙሉ ወስዶታል። ወፍረው ከታዩ ሙሉውን እንደ ግማሽ። በማጫወቻው ምርጫ ውስጥ ቀይሩት፤ ፋይሉ ላይ ምንም ችግር የለም።

ቆረጣውን አታብዙ። ከቅርብ ወደ ሩቅ በድንገት ስትዘሉ ዓይን እስኪላመድ ጊዜ ይወስዳል። እያንዳንዱን ቀረጻ ከተለመደው ቪዲዮ ረዘም አድርጋችሁ አቆዩ። ጽሑፍ ካስገባችሁ በሁለቱም ግማሽ ላይ ይግባ፤ ከሚሸፍነው ነገር ፊት እንዲቆምም በትይዩ አደራደር የግራውን ትንሽ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ትንሽ ወደ ግራ ግፉት። በወረቀቱ ላይ ነጥቡን የገፋነው በዚሁ መንገድ ነበር።

ለሌላ ሰው ስትልኩ በቴሌግራምም ሆነ በሌላ መላላኪያ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ አሳንሶና ጨምቆ ያደርሰዋል። በፋይሉ ስም ላይ ትይዩ ወይም ሸውራራ ብላችሁ ጻፉ። የሁለቱን ዋና ፎቶዎች ግን ለየብቻቸው አስቀምጡ፤ ነገ በሌላ አደራደር ልሥራው ብትሉ የሚያስፈልጓችሁ እነሱ ናቸው።